ጣሪያው ዘይት ሲያንጠባጥብ

ጣሪያዋ የሚታጠፈውን የመርሴዲስ ኤስኤል መኪና፣ በተለይ አር129 የሚባለውን ሞዴል የያዝን ሰዎች አንዲት ጠብታ በደንብ እናውቃለን። ከፊት መስታወቱ በላይ፣ የፀሐይ መከላከያው አካባቢ ትጀምራለች። ለዓይን ከዝናብ የተረፈች ውኃ ትመስላለች። በጣት ሲነኳት ግን ታሙለጨልጫለች። ዘይት ናት። ዝም ካሏት ዳሽቦርዱ ላይ ትወርዳለች፣ የቆዳ ወንበሩን ታበላሻለች፣ አንዳንዴም የሾፌሩ አናት ላይ ታርፋለች።

በዚህች ጠብታ ምክንያት መኪናውን በርካሽ የሚሸጥ አለ። ዘይት እየጨመረ መንዳቱን የሚቀጥልም አለ። እኔ በሁለቱም አልስማማም። የራሴን መኪና የጣሪያ ሃይድሮሊክ፣ ማለትም ጣሪያውን በዘይት ግፊት የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ አውርጄ አድሼዋለሁ። ጀርመን አገር ተቀምጬ በጀርመንኛ የተጻፈ መመሪያ አላጣሁም። በአማርኛ ግን ስለዚህ ነገር የሚያወራኝ ስላላገኘሁ እኔው ልጻፈው አልኩ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ። አር129 ለሕዝብ የታየችው በ1989 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ነው። በወቅቱ የመርሴዲስ የዲዛይን ኃላፊ ጣሊያናዊው ብሩኖ ሳኮ ነበር። ብሬመን በሚገኘው ፋብሪካ እስከ 2001 ተመርታለች፤ በጠቅላላው ከ200 ሺህ በላይ። እንደወጣች ሰሞን ፈላጊዋ ከመብዛቱ የተነሳ ገዢዎች ዓመታት ወረፋ ይጠብቁ ነበር፤ ወረፋቸውን በትርፍ የሚሸጡም ነበሩ። ከእሷ በፊት የነበረችው አር107 ከ1971 ጀምሮ ስትመረት የኖረች፣ ጣሪያዋ በእጅ የሚታጠፍ መኪና ናት። ወርዶ፣ ቁልፉን አላቅቆ፣ ሸራውን ሰብስቦ፣ ክዳኑን መዝጋት ነው። አዲሷ ላይ ይህ ሁሉ ወደ አንዲት ማብሪያ ገባ።

መኪናዋ ቆማ ማብሪያዋ ስትሳብ የሚሆነውን ስንቴ አይቼው አሁንም ቆሜ አየዋለሁ። መስታወቶቹ ይወርዳሉ። ከወንበሮቹ ጀርባ ያለው የመገልበጥ መከላከያ ብረት ተነስቶ ከነበረ ይተኛል። የሸራው የኋላ ጠርዝ ከፍ ይላል። የሸራው ማስቀመጫ ክዳን ተላቆ ይከፈታል። ከፊት መስታወቱ አናት ላይ ጣሪያውን ጨብጠው የያዙት ቁልፎች ይለቃሉ። ሸራው ታጥፎ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ክዳኑም ተመልሶ ይዘጋል። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አለቀ። በመሃል የሰው እጅ የለበትም።

ያ የመገልበጥ መከላከያ ብረት ራሱ አንድ ታሪክ ነው። አደጋ ሲደርስ በ0.3 ሰከንድ ብድግ ይላል። ያን ጊዜ የሚያነሳው ሃይድሮሊክ አይደለም፣ ታምቆ የተቀመጠ ስፕሪንግ ነው። በአዘቦቱ ቀን በማብሪያ ቀስ አድርጎ የሚያነሳውና የሚያስተኛው ግን ሃይድሮሊኩ ነው። ሕይወት የሚያድነውን ክፍል ዘይትና ኤሌክትሪክ ላይ ብቻ ሳይጥሉ ለብቻው ስፕሪንግ የሰጡት መሐንዲሶች አርቀው አስበዋል፤ አደንቃቸዋለሁ።

ወደ ዘይቱ ልመለስ። ከኋላ በሻንጣው ክፍል ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚዞር ፓምፕ አለ። ከጎኑ የዘይት መያዣና በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ ቫልቮች አሉ። ከዚያ ቀጫጭን ቱቦዎች በመኪናዋ አካል ውስጥ ተሽሎክልከው ከአሥር በላይ ሲሊንደሮች ጋ ይደርሳሉ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ፒስተን አለ። ዘይት በአንድ በኩል ሲገባ ፒስተኑ ይወጣል፣ በሌላው በኩል ሲገባ ይመለሳል። ፓስካል በ17ኛው መቶ ዘመን ያስረዳው ሕግ ነው፤ ተዘግቶ የተቀመጠ ፈሳሽ አንድ ቦታ ሲጫኑት ግፊቱ በሁሉም ቦታ እኩል ይደርሳል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ሁለት ተኩል ባር ግድም ነው። እዚህ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከመቶ ባር ያልፋል። ጣት የማይወፍር ሲሊንደር ያንን ሁሉ ብረትና ሸራ የሚያነሳው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የዘይቱ መጠን ጣሪያው ባለበት ሁኔታ ይለያያል። ፒስተኑ ወደ ውጭ ሲወጣ ሲሊንደሩ በዘይት ይሞላል፣ መያዣው ውስጥ ያለው ይቀንሳል። ሲመለስ ደግሞ የፒስተኑ ዘንግ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ፣ የተረፈው ዘይት ወደ መያዣው ይመለሳል። ስለዚህ መለካት ያለበት የመኪናዋ መመሪያ በሚያዘው የጣሪያ አቀማመጥ ብቻ ነው። በሌላ አቀማመጥ ለክቶ «ጎድሏል» ብሎ የሚሞላ ሰው፣ ሲሊንደሮቹ ሲመለሱ ዘይቱን ምንጣፉ ላይ ያገኘዋል።

ታዲያ ጠብታዋ ከየት መጣች? ከጎሚኒ ነው። በፒስተኑና በዘንጉ ዙሪያ የተቀመጡት ቀለበቶች ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር የተሠሩ ነበሩ። አዲስ ሳሉ ጠንካራ ናቸው። ዘይትና ጊዜ ሲጫናቸው ግን ውስጣቸው ይፈርሳል። የተበላሸ ጎሚኒ ይሰነጠቃል ወይም ይደርቃል ብዬ ነበር የምጠብቀው። የመጀመሪያውን ሲሊንደር ስፈታ ያገኘሁት ቡናማ ነገር ፀሐይ ላይ የቀለጠ ማስቲካ ይመስላል። በጣቴ ስጫነው ቅርጹ ጠፋ። ግማሹ ጣቴ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ከተቀመጠበት ጎድጓዳ ጋር ተጣበቀ። ይህ ነበር ያን ሁሉ ግፊት ይዞ የኖረው።

ከዚህ ሥራ የወጣልኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ጎሚኒዎቹን የገደላቸው ሥራ አይደለም፣ ዕድሜ ነው። መኪናዋ ብዙ ኪሎ ሜትር ስላልሄደች «እንደ አዲስ ናት» የሚለው የሻጭ ወሬ ለሞተሩና ለወንበሩ ይሠራ ይሆናል፤ ለሃይድሮሊኩ አይሠራም። ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ ለብሳ የኖረችውና በየቀኑ የተነዳችው እኩል ያንጠባጥባሉ። በዚያ ላይ ሁሉም ጎሚኒዎች በአንድ ሰሞን የተሠሩ ናቸው። አንዱ ፈሰሰ ማለት የሌሎቹም ቀን ደርሷል ማለት ነው። የፊቱን ብቻ ጠግኖ መዝጋት፣ ከርሞ የኋላውን ለመፍታት ቀጠሮ መያዝ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም በአንዴ መሠራት አለበት ብዬ የምከራከረው።

አንድ ጋራዥ ጠይቄ ነበር። መልሳቸው አጭር ነው፤ ሲሊንደሮቹ በሙሉ በአዲስ ይቀየሩ። የሰጡኝ ዋጋ ሌላ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ነው። ጎሚኒው ብቻ ቢቀየርስ ስላቸው «እንደዚያ ያለ ሥራ አንሠራም» አሉ። ብረቱ እኮ ምንም አልሆነም። የተበላሸው ሳንቲም የምታክል ቀለበት ናት። ለእሷ ሲባል የተስተካከለ ብረት አውጥቶ መጣል ያንገበግበኛል። ደግነቱ ሲሊንደር በፖስታ ተቀብለው፣ ጎሚኒውን በተሻለ ዓይነት ቀይረው የሚመልሱ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ግን በራሴ እጅ ማየት ፈለግሁ። ከባዶቹን ወደ እነርሱ ልኬ ቀላሎቹን ራሴ ሠራሁ።

ድፍረቱን የሰጡኝ አጎቴ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የገልባጭ መኪና ሃይድሮሊክ ሲሠሩ ኖረዋል። ልጅ ሆኜ ሶማሌ ተራ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር፣ የመኪና ዕቃ ፍለጋ። እሳቸው ዘንድ «ይጣል» የሚባል ሲሊንደር አላየሁም። ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ታይቶ ነው የሚፈረድበት። ስልክ ደውዬ በቪዲዮ የፊቱን ትንሽ ሲሊንደር አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የገልባጭ አይደለም፣ በጣም ትንሽ ነው።»

«ትንሽም ሆነ ትልቅ ፒስተን ፒስተን ነው» አሉኝ። «ዘንጉን በጥፍርህ ዳብሰው። ካልተጫረ ጎሚኒውን ቀይርለት። ከተጫረ ግን ጎሚኒ አትፍጅ። ደግሞ ጠረጴዛህን ጥረግ። ሃይድሮሊክን የሚገድለው አቧራ ነው።»

ጠረጴዛውን ጠረግሁ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። የጣሪያው ክዳንና የብረት ቅስቶቹ ከባድ ናቸው፣ ሲከፈቱም የሚይዛቸው የዘይቱ ግፊት ነው። ቱቦ ሲፈታ ግፊቱ ይሄዳል፣ ክዳኑም ሊወድቅ ይችላል። ከሥሩ ጭንቅላት ወይም እጅ ካለ ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ በጠንካራ እንጨት መደገፍ፣ ከዚያ ግፊቱን ማስወጣት፣ የባትሪውን ሽቦ ማላቀቅ። ማብሪያውን ሌላ ሰው እንዳይነካ ቁልፉን ኪስ ውስጥ መክተት። እዚህ ላይ መቻኮል የለም።

ቱቦዎቹ መልካቸው አንድ ነው። ከመፈታታቸው በፊት እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ ከየትኛው ሲሊንደርና ከየትኛው ወገን እንደሆነ መጻፍ፣ ፎቶም ማንሳት ያስፈልጋል። ጫፋቸው ላይ ያሉት ኦሪንግ የሚባሉ ትንንሽ የጎሚኒ ቀለበቶችም አብረው ይቀየራሉ። ወንበሩና ዳሽቦርዱ በወፍራም ላስቲክ ይሸፈን። ዘይቱ የቆዳ ቀለም ያጠፋል፣ ሽታውም ቶሎ አይለቅም።

የፊቱ ሲሊንደር የሚኖረው ከፊት መስታወቱ አናት ላይ ባለው ፍሬም ውስጥ፣ ከሽፋኑ ሥር ነው። ሽፋኑ ሲነሳ አሮጌው ዘይት ስፖንጁን አጥግቦት ነበር። ሲሊንደሩን አውጥቼ ጫፉ ላይ የያዘውን የብረት ቀለበት በፒንሳ አላቀቅሁ። ፒስተኑን ሳብ ሳደርገው ጠጥ ብሎ ወጣ። የቀለጠውን ጎሚኒ ከጎድጓዳው ለማውጣት የተጠቀምኩት የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ነው። ካቻቢቴ ወይም ሚስማር እዚያ አይገባም። በዓይን የማትታይ ጭረት ለአዲሱ ጎሚኒ የመፍሰሻ መንገድ ትሆናለች። ከዚያ በአልኮል ጠረግሁ፣ በብርሃን አየሁ፣ በጥፍሬ ዳበስኩ። ዘንጉ ልስልስ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንድም ጭረት የሌለበት ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ ብረት። ደስ አለኝ።

አዲሱ ጎሚኒ ቀጥ ብሎ አይገባም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጎድጓዳ ጠባብ ስለሆነ ቀለበቱን የልብ ቅርጽ አስይዞ አጥፎ ማስገባት፣ ከዚያ ጎድጓዳው ውስጥ ሲደርስ በእንጨቱ ገፋ አድርጎ መዘርጋት ነው። አቅጣጫም አለው። ጎሚኒው በአንድ ጎኑ ከንፈር አለው። ከንፈሩ ግፊቱ ወደሚመጣበት ወገን መዞር አለበት። ግፊቱ ሲመጣ ከንፈሩ ይከፈትና ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ግፊቱ በበረታ መጠን አጥብቆ ይዘጋል። በግልባጩ ከገባ ዘይቱ እንደልቡ ያልፋል። እኔ ይህን ሳይ ዝም ብዬ ተገርሜ ተቀመጥኩ። ፈሳሹን እንዲዘጋ የሚያደርገው ፈሳሹ ራሱ ነው። ከዚህ የበለጠ ብልህ ሥራ ብዙ አላውቅም።

አዲሱን ጎሚኒ ከመግጠም በፊት ሲስተሙ የሚጠቀምበትን ዘይት መቀባት ይገባል። ሌላ ግራሶ አይሆንም።

እዚህ ጋ ስለ ዘይት ዓይነት ትንሽ ልበል፤ ስህተቱ የሚያስከፍለው ብዙ ስለሆነ። የአር129 ጣሪያ የሚሠራው በማዕድን ሃይድሮሊክ ዘይት ነው። ፍሬን ዘይት እዚያ ጠብ ማለት የለበትም። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ የአሜሪካ ጣሪያ ከፋች መኪኖች ብዙዎቹ ለጣሪያቸው ፍሬን ዘይት ነበር የሚጠቀሙት። ከዚያ በፊት፣ በ1939፣ ፕሊመዝ ጣሪያን በሞተሩ የአየር ስበት የሚከፍት መኪና አውጥቶ ነበር፤ ሃይድሮሊኩ ቀጥሎ መጣ። ፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ብረት ያዝጋል፣ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይልጣል። ለፍሬን ዘይት የተሠራ ጎሚኒ የማዕድን ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ በማዕድን ዘይት የሚሠራውም በፍሬን ዘይት ይበላሻል። ስለዚህ የድሮ አሜሪካ መኪና ያለው ሰው ከእኔ ጽሑፍ ዘይት አይምረጥ። የራሱን መኪና መመሪያ ይመልከት።

ሁሉም ሲሊንደሮች ከተመለሱ በኋላ ንጹሕ ዘይት ይሞላል። ያወጣሁት አሮጌ ዘይት ጠቁሯል፣ ውስጡም የጎሚኒ ፍርፋሪ አለ። ያ ፍርፋሪ ቫልቭ ውስጥ ከገባ ጣሪያው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። መያዣውን አውጥቶ ማጠብ ለዚህ ነው። ቀጥሎ አየር ማስወጣት። እዚህ የፍሬን ዓይነት የአየር ማስወጫ ብሎን መፍታት የለም። ጣሪያውን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ነው፤ አየሩ ከዘይቱ ጋር ወደ መያዣው ይመለስና እዚያ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል፣ ፓምፑም ይጮሃል። እየቆየ ድምፁ ይቀንሳል፣ ጣሪያውም ረጋ ብሎ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ባትሪው በቻርጀር መታገዝ አለበት። ፓምፑ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ የደከመ ባትሪ ደግሞ ሥራውን መሃል ላይ ያስቆመዋል።

ጣሪያ ቆመ ማለት ሁልጊዜ ዘይት ነው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል ቦታው መድረሱን ለኮምፒውተሩ የሚናገሩ ትንንሽ ማብሪያዎች አሉ። «ክዳኑ ተከፍቷል» የሚለው መልእክት ካልደረሰ ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ሥራ አያዝም። ፓምፑ እየሠራ አንድ ሲሊንደር ካልተንቀሳቀሰ ወደ ዘይቱ፣ ቱቦውና ቫልቩ እሄዳለሁ። ክፍሉ ቦታው ደርሶ ቀጣዩ ካልጀመረ ግን ወደ ማብሪያው። ይህን ሳይለዩ ፓምፕ የሚቀይሩ ሰዎች አሉ፤ ፓምፑ ደግሞ ውድ ነው።

ጀርመን ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሞላውና እንደ ጥንቱ የተጠበቀ መኪና በታርጋው ላይ «ኤች» የሚል ፊደል ይሰጠዋል። ግብሩ የተለየ ነው፣ ከፊደሉ ጋር የሚመጣው ክብር ግን ለእኔ ይበልጣል። ቴክኒክ ምርመራው፣ እኛ ቦሎ የምንለው ዓይነት፣ ዘይት የሚያፈስ መኪና አይወድም። ያሁኑን ምርመራ ያለፍኩት ከመኪናዋ ጋር በመጡት ሲሊንደሮች ነው። መርማሪው ጣሪያውን እንድከፍትለት ጠየቀኝ። መጨረሻ ድረስ ቆሞ አየ። ከዚያ አንዴ ድገመው አለኝ።

አጎቴም በቪዲዮ አይተዋል። ያዩት ግን ጣሪያውን አይደለም። «ዘንጉን አሳየኝ፣ ከሠራ በኋላ ደረቅ ነው?» ነበር ጥያቄያቸው። ደረቅ ነበር። በጣም ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ፣ እሱም መኖር ያለበት ነው፤ ጎሚኒውን ያለሰልሰዋል።

አንድ ወገን አለ፣ በጣም የሚያሳስበኝ። መኪናዋ ከአሉሚኒየም የተሠራ ተነቃይ ጠንካራ ጣሪያም አላት። ብዙ ባለቤቶች ክረምት ሲመጣ እሱን ይገጥሙና በጋ ሲመጣ ማንሳቱን ይተዉታል። ሸራው ጉድጓዱ ውስጥ እንደታጠፈ ዓመታት ያልፋሉ። ሸራው ይሸበሸባል፣ ይኮማተራል። ከኋላ ያለው የላስቲክ መስኮት ይጠወልጋል። ሲሊንደሮቹም በጨለማ ውስጥ ማፍሰስ ይጀምራሉ፣ ማንም ሳያይ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ከእነዚህ መኪኖች አንዷ ያለችው ሰው ይህን ካነበበ፣ አየሩ ሞቅ ሲል አንድ ጓደኛ ጠርቶ ጠንካራውን ጣሪያ ለሁለት ያንሳው። ማብሪያዋን ከመንካቱ በፊት የሻንጣውን ክፍል ምንጣፍ ይግለጥ፣ ከፓምፑ ሥርና በየቱቦው መጋጠሚያ ላይ ነጭ ሶፍት ያሳልፍ። ሶፍቱ ከረጠበ ጣሪያውን አይክፈት፤ መጀመሪያ ዘይቱ መያዣ ውስጥ ስንት እንደቀረ ይመልከት።